በአምባሳደሩ ኪስ የተገኘው ማንኪያ

መንተሽ ካምሂ ስልሳ አራተኛ ልደቱን ሊያከብሩ ከመጡት እንግዶች መካከል ተነሥቶ «መነጽሬን ላምጣ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከሥራ ክፍሉ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ሲደርሱ ወንበሩ ተገልብጧል፤ እሱ በጠረጴዛውና በመጻሕፍት መደርደሪያው መካከል በጎኑ ተጋድሟል። ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው ዶክተር ናቼቭ ጫማ ሳያጠልቅ እየሮጠ ወርዶ እስኪደርስ ትንፋሹ ቆሟል።

ሁሉም ልቡ ነው አሉ። ዶክተሩ ግን የዓይኑን ብሌን ገልጦ አየ፤ ከንፈሩን አየ፤ ደጋግሞም አየ። ከዚያ ተነሥቶ አስከሬኑን ማንም እንዳይነካው፣ ክፍሉም እንዲቆለፍ አዘዘ። ልብ እንዲህ አድርጎ አይገድልም ሲል ለዐቃቤ ሕግ ቢሮ በስልክ ተናገረ።

መርማሪ ኔቬና ራዴቫ ስትደርስ ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልሆነም። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ስትናገር የሰው ፊት ሳይሆን የሰው እጅ የምታይ ሴት ነች። ሟቹን በጋዜጣ ታውቀዋለች፤ በሶፊያ የማያውቀው አልነበረም። አሁን ከአጠገቡ ተንበርክካ የኮቱን ኪሶች አንድ በአንድ ፈተሸች። በውስጠኛው የደረት ኪስ፣ አምባሳደሮች የሹመት ደብዳቤ በሚይዙበት ቦታ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ የሻይ ማንኪያ አገኘች። ማንኪያው ያጣብቃል። መሐረቡ ላይ አንድ የጽጌረዳ ቅጠል ተለጥፏል።

ስለ ማንኪያው ለማንም አልተናገረችም። ወደ ሳሎን ወጥታ መበለቲቱን ሬይናን ሟቹ ምን ሕመም እንደነበረበት ጠየቀቻት። ስኳር አለበት አለች ሬይና፤ አምስት ዓመት ሙሉ ጣፋጭ ነገር ቀምሶ አያውቅም፤ እሷም ከዓይኗ ለይታው አታውቅም።

ኔቬና ወደ ኩሽና ገባች። የተጠበሰው ባሮ ሽንኩርት እንደተሸፈነ ነው፤ ባኒፃ የሚሉት የአይብ ቂጣ አልተቆረሰም። የቆሸሹ ብርጭቆዎችና ሳህኖች ተከምረዋል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል የታጠቡት አንድ ብልቃጥና አንድ ትንሽ ሳህን ብቻ ናቸው፤ ተደፍተው ውሃቸው ይንጠባጠባል። የብልቃጡ ክዳን ግን ከቡፌው ላይ ተረስቷል። ኔቬና ክዳኑን በወረቀት ጠቅልላ ከማንኪያው ጋር ለምርመራ ላከችው።

በማግሥቱ ጠዋት መልሱ መጣ። በማንኪያውም በክዳኑም ላይ ያለው የጽጌረዳ ማርማላታ ነው፤ በማርማላታው ውስጥ ያለው ደግሞ ለተክል ቅማል የሚረጭ መርዝ ነው። ከቡናው ጽዋ፣ ከመድኃኒቱ፣ ከውሃው ግን ምንም አልተገኘም።

በዚያ እሑድ ቤት ውስጥ ከሟቹ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሚስቱ ሬይና፣ የሬይና ታላቅ እህት ማቲልዳ አሴኦ፣ የድሮ አብሮ ታሳሪው ቬሰሊን ካራጆቭ፣ እና የሕይወት ታሪኩን በታይፕ የምትጽፍለት ሊልያና። መርዙ ከአራቱም እጅ አይጠፋም። ቬሰሊን የወይን ቦታ አለው፤ ማቲልዳ ክኒያዤቮ ባለው ግቢዋ ጽጌረዳ ታሳድጋለች፤ ሬይና በረንዳዋ በአበባ የተሞላ ነው፤ የበረንዳው መርጫ ደግሞ ሊልያና ከምትሠራበት ወንበር አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

ኔቬና ማንንም ከመጥራቷ በፊት ያላለቀውን መጽሐፍ ይዛ ተቀመጠች። መንተሽ ካምሂ በዩችቡናር የአይሁድ ሰፈር የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ሆኖ ተወልዷል። በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ቀን የመንግሥትን ጋዜጣ፣ በድብቅ ደግሞ የታገደውን የኮሚኒስት ፓርቲ በራሪ ወረቀት ይለቅማል። በዚያው ተይዞ ስሊቨን እስር ቤት ሰባት ዓመት ተቀመጠ። ከጦርነቱ በኋላ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ወንድሞቹና እናቱ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጣቢያ ድረስ ሸኝቷቸው፣ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ከጣቢያ በቀጥታ ወደ ቢሮው ተመልሶ ሥራውን እንደቀጠለ ጽፏል። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት አይሁድ በመሆኑ «አገር የለሽ» ተብሎ ከሥልጣን ተባረረ፤ ሁለት ዓመት የአንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ሠራ። ከዚያ ስሙ ታድሶ አምባሳደር ሆኖ ቦነስ አይረስ ተላከ፤ የተላከውም ከሴት አያቱ የተማረውን እስፓኝኛ ስለሚናገር ነበር። የሹመት ደብዳቤውን ባቀረበበት ቀን አስተናጋጆቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ የአያቱ እስፓኝኛ፣ አይሁድ ከስፔን ሲሰደዱ ይዘውት የወጡት፣ አራት መቶ ዓመት ያለፈበት ነበርና እንደ ጥንት ባላባት አድርጎ አናገራቸው። ይህን ሲያወራ በራሱ እየሳቀ ነው።

በሁለተኛው ረቂቅ ኅዳግ ላይ በቀይ እርሳስ ብዙ እርማት አለ። ቀናቱን፣ የዘበኞቹን ስም፣ የመንገዶቹን ስም ያረመችው፣ የማስታወስ ችሎታዋ የታወቀ ስለሆነ ራሱ የለመናት ማቲልዳ ናት። ኔቬና የእስር ቤቱን ምዕራፍ ስታነብ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ከዚያ ገጹን ለብቻው አነሣችው።

ቬሰሊን ካራጆቭ ቢሮ መግባት አልፈልግም ስላለ በዶክተሮች መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተገናኙ። ትልቅ፣ ቀይ ሰውዬ ነው፤ ከጡረታ በፊት የቲማቲም ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ቀንተውበት ነበር ወይ ሊሉኝ ነው የመጡት፤ ልቅደምዎ። ቀንቻለሁ። አንድ ሰሌን ላይ ተኝተን፣ አንድ ቁንጫ በልቶን ወጣን። እሱ ፓሪስ፣ እሱ ቦነስ አይረስ። እኔ ቲማቲም። ይጻፉት፣ ጓድ መርማሪ።»

«በሃምሳ ሦስት እንዲባረር ከፈረሙበት ሰዎች አንዱ እርስዎ ነዎት።»

ቬሰሊን ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«እሱም ያውቃል። ስሙ ሲታደስለት ደወለና ባኒፃ አለ፣ ና ብላ አለኝ። አንድ ቃል አልወጣውም። ይቅር የሚልዎትን ሰው እርስዎ በምን ይቅር ይሉታል?»

መጽሐፉ ፊርማውን ያወጣው እንደሆነ ፈርቶ እንደነበር አልደበቀም። ኔቬና የሃምሳ ሦስትን ምዕራፍ አወጣችና አሳየችው፤ የፈራሚዎች ስም ካለበት መስመር ላይ የእሱ ስም በመንተሽ እጅ ተሰርዟል። ቬሰሊን ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። ያለቀሰ እንዳይመስል ርግቦቹን እያየ ስለ እሑዱ ተረከላት። እሱ የመጣው እሑድ ብቻ ነው፤ ከበሩ በቀጥታ ወደ ሳሎን ገባ፤ መንተሽ ሲወድቅ ደግሞ አምቡላንስ ለመቀበል መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። ከመውጣቱ በፊት ያየው አንድ ነገር ብቻ ከአእምሮው አልጠፋም።

«ሬይና ‹ልቡ ነው፣ ልቡ ነው› ትላለች። ማቲልዳ ግን በመሐረቧ አፉን እየጠረገች ‹ምን በላህ? ምን በላህ?› ትለዋለች። ልክ እንደ ሕፃን።»

ኔቬና ይህን ጻፈች። ቀጥላም፣ እስር ቤት ሳሉ ሬይና እየሠራች ትልክ እንደነበር መጽሐፉ ስለሚለው ካልሲ ጠየቀችው፤ መንተሽ እሑድ ለእንግዶቹ ያነበበው ያንን ገጽ ነበርና።

«ሬይና?» አለ ቬሰሊን፤ ሊስቅ ሲል ተወው። «ሬይና ቁልፍ መትከል አታውቅም።» ሌላ ነገር ሊጨምር ሲል ተወውና ባርኔጣውን አጥልቆ ተነሣ።

ሊልያና ቢሮ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቆንጆ ናት፤ በሰፈሩ ስለ እሷና ስለ አምባሳደሩ የሚወራውን ራሷም ሰምታለች። ኔቬና ምንም ሳትጠይቅ ማንኪያውን ከፊቷ አስቀመጠች።

«አወቁበት እንዴ?» አለች ሊልያና፤ እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። «በየቀኑ ነበር እኮ። ሬይና ገበያ ስትወጣ፣ ወይም ስልክ ስትይዝ። እሳቸው ከኩሽና ሰርቀው ይመጣሉ፣ እኔ መጻፌን ትቼ በሩን ዘግቼ ከኋላው እጠብቃለሁ። ማንኪያውን ኪሳቸው ይከቱታል፣ በኋላ እኔ አጥበዋለሁ። ‹ሊልያና፣ የመንግሥትን ምሥጢር ሠላሳ ዓመት ጠብቄያለሁ፣ አንቺ ይህን አንዱን ጠብቂልኝ› ይሉኛል።»

«ከአንቺ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። ሬይና ብታውቅ ኖሮ ብልቃጡን በቁልፍ ትዘጋበት ነበር።»

ማርማላታው የሬይና ብቻ መሆኑን ሊልያና አስረዳች። ማቲልዳ ከራሷ ጽጌረዳ ትሠራዋለች፤ ሬይና ሁልጊዜ ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ ማንኪያ ትቀምሳለች፤ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። በሞቱ ሰዓት ስለሆነውም አንድ ነገር ጨመረች። ሬይና ራሷን ልትስት ስትል ዶክተሩ ጣፋጭ ነገር ትቅመስ አለ። ሊልያና አምቡላንስ የጠራችበትን ስልክ ጨርሳ ወደ ኩሽና ሮጠች፤ ከዚያው ብልቃጥ በትንሽ ሳህን አወጣችና አመጣችላት። ሬይና ወደ አፏ ስታደርሰው ማቲልዳ ከእጇ ነጠቀቻት።

«‹አሁን የማርማላታ ሰዓት ነው?› ብላ ጮኸችብኝ። ይዛው ኩሽና ገባች። ውሃ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። አልተቀየምኳትም፤ ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አያውቅም።»

ኔቬና ሬይናን ያነጋገረቻት በመኝታ ክፍሏ ነው። ሬይና በሃምሳ ሦስት ዓመቷም ሰው ዞሮ የሚያያት ሴት ናት፤ በዚያች ቀን ግን ፀጉሯን አላበጠረችም። የባሏን ሞት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር የምታሳብበው።

«ያቺን ልጅ ይጠይቋት። የጽሕፈት መኪናው ታክ ታክ ይላል፣ ይላል፣ ከዚያ ቀጥ። አምስት ደቂቃ ጸጥ። አስር ደቂቃ ጸጥ። በሩ ሥር ቆሜ የሰዓቱን ቆጣሪ እያየሁ ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት። የባልዎ በር ሥር ቆመው ያውቃሉ?»

ኔቬና ታውቃለች። የራሷ ባል የጥርስ ሐኪም ወድዶ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ክረምት ሙሉ ኮቱን እያሸተተች ከርማለች። ይህን አልተናገረችም። ቅናት ጆሮን እንደሚስል፣ የሰማውን ሁሉ ግን አጣሞ እንደሚተረጉም ከራሷ ስለተማረች ስለ ጸጥታው አልተከራከረቻትም። ይልቅ ስለ ማርማላታው ጠየቀቻት። ሬይና ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ቀምሳለች፤ ምንም አልሆነችም። እሑድ በእንግዳ ጥድፊያ ረሳችው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሊልያና ጽሑፍ ልታስረክብ፣ ማቲልዳ ባሮ ሽንኩርቱን ልትከትፍና የበረንዳውን አበባ ልትረጭ መጥተው ነበር።

«ወደ እስር ቤት የተላኩትን ካልሲዎች እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አለች ኔቬና ለመሄድ ተነሥታ።

ሬይና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«መጽሐፉ እንደዚያ ይላል» አለች።

ማቲልዳ አሴኦ ክኒያዤቮ ባለው ግቢዋ ተቀብላ፣ የሣር ወንበር አቅርባ፣ ውሃ አስቀመጠችላት። ከታናሽ እህቷ በአራት ዓመት ትበልጣለች፤ ባል አላገባችም፤ ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ነው የጨረሰችው። ስትራመድ ግራ እግሯን ትጎትታለች። ለጥያቄው ሁሉ አጭርና ትክክለኛ መልስ ሰጠች፤ ቅዳሜ መሄዷን፣ መርጫውን መያዟን፣ ብልቃጡን ማጠቧን፣ ምንም አልካደችም። እጄ ሥራ ሲፈታ ስለምታመም አጠብኩት አለች።

«አምባሳደሩ በድብቅ ጣፋጭ ይቀምሱ ነበር?»

የማቲልዳ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቅ አለ። «መንተሽ? ሰባት ዓመት ሲደበድቡት አንድ ስም አልሰጠም እኮ። ሐኪም ከከለከለው ጀምሮ ፍርፋሪ አልነካም። ብረት ነበር።» እንደ ሚስት ነበር የተናገረችው።

ኔቬና ከተማ ስትመለስ ለቬሰሊን ስልክ ደወለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስሊቨን እስር ቤት በር ላይ ጥቅል ታመጣ የነበረችውን ልጅ አይቷት ያውቅ እንደሆነ።

«መስኮቱ ከእኔ መኝታ በላይ ነበር» አለ ቬሰሊን። «ጥቁር ሻሽ ታስራለች። ታነክሳለች።»

«በየትኛው እግሯ?»

«በግራ።»

ማክሰኞ በአሥር ሰዓት አራቱም በካምሂ ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ዶክተር ናቼቭም ወርዶ በሩ አጠገብ ቆመ። ኔቬና መሐል ያለውን ወንበር አልፈለገችም፤ ፒያኖው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሁላችንም ስንጠይቅ የሰነበትነው መንተሽ ካምሂን ማን ሊገድል ፈለገ ብለን ነው» አለች። «ጥያቄው ትክክል አልነበረም።»

ማንኪያውን በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እያንዳንዱን እርምጃ በዝግታ አስረዳች። መርዙ በቡናው ውስጥ አልነበረም፤ በመድኃኒቱም አልነበረም። ሟቹን መግደል የፈለገ ሰው መርዙን እሱ በሚጠጣው ውስጥ ይጨምር ነበር። የተጨመረው ግን እሱ ፈጽሞ አይነካውም ተብሎ በሚታመን፣ ሬይና ብቻ በየጠዋቱ በምትቀምሰው ማርማላታ ውስጥ ነው። ሊገደል የታሰበው መንተሽ አልነበረም። ሬይና ናት።

የሬይና እጅ ወደ አንገቷ ሄደ።

«መንተሽ ማርማላታ እንደሚሰርቅ የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረች» ስትል ቀጠለች ኔቬና። «ሊልያና። ስለዚህ በመጀመሪያ እሷን ጠረጠርኩ። ነገር ግን ሊልያና ያንኑ ማርማላታ በሐኪም ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በእጇ ይዛ መጣች። መርዝ መኖሩን የምታውቅ ሴት ይህን አታደርግም። ሬይና፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። የጽሕፈት መኪናው ጸጥ ሲል ባልዎ ማርማላታዎን እየበላ ነበር። ይህች ልጅ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው እርስዎን ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚህ ሌላ ኃጢአት አልነበረም።»

ሬይና ወደ ሊልያና ዞረች። ሊልያና ራሷን ነቀነቀች። ሬይና አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ ከመዳፏ ሥር የወጣው ሳቅ ይሁን ለቅሶ ማንም አልለየውም።

ቬሰሊን ቅዳሜ አልመጣም፤ እሑድም ኩሽና አልገባም። ሬይና መርዙን ራሷ ጨምራ ቢሆን ኖሮ ከዚያው ብልቃጥ የወጣውን ወደ አፏ አታደርስም ነበር። የቀረችው አንዲት ናት።

«መንተሽ ሲወድቅ ሁሉም ‹ልቡ› አሉ» አለች ኔቬና። «ማቲልዳ ግን ‹ምን በላህ?› አለች። ከንፈሩ ላይ የጽጌረዳውን ቅጠል አይታ ነበር። በዚያች ቅጽበት የገደለችው ማንን እንደሆነ አወቀች።»

ማቲልዳ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው።

«ምክንያቱስ?» አለ ዶክተሩ ከበሩ።

ኔቬና ለብቻው ያነሣችውን ገጽ አወጣች። መንተሽ በዚህ ገጽ ላይ፣ በእስር ቤቱ ክረምት እግሩን ከመቆረጥ ያዳኑት ሬይና የምትልካቸው ካልሲዎች እንደነበሩ፣ የእሷ መሆናቸውን ይለይ ዘንድ ተረከዛቸው ውስጥ ቀይ ክር ትሰፋ እንደነበር ጽፏል። በኅዳጉ ላይ ማቲልዳ በቀይ እርሳስ አርማለች። ኔቬና አነበበችው፤ «ቀይ አይደለም። ቀዩ ክር ከሁለተኛው ክረምት በፊት አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ነው።»

«ክሩ በየትኛው ክረምት እንዳለቀ የሚያውቅ ካልሲውን የሠራ ሰው ብቻ ነው» አለች። «ከዚህ እርማት ሥር መንተሽ በራሱ እጅ ሁለት ቃል ጨምሯል። ‹ሬይናን እጠይቃለሁ።›»

ቬሰሊን ባርኔጣውን በእጁ ያዞረዋል።

«ሠላሳ ምናምን ዓመት ዝም አልኩ» አለች ማቲልዳ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ከሶፊያ ስሊቨን በባቡር እየሄድኩ፣ በዚህ እግሬ። ጥቅሉ ላይ ‹አሴኦ› ብቻ እጽፍ ነበር፤ የሴት ልጅ ስም ካዩ ዘበኞቹ ይቀልዱበታል ብዬ። የተፈታ ቀን ቤታችን መጣ። በሩን የከፈተችለት እሷ ናት። ‹ካልሲው ሕይወቴን አተረፈው› አላት። እኔ ኩሽና ነበርኩ፤ እጄ ሊጥ ነክቶ ነበር። ታጥቤ እስክወጣ አልቋል። እሷ ፈገግ አለች እንጂ ምንም አላለችም። አየሽ፣ አልዋሸሽም። ፈገግ ነው ያልሽው።»

ሬይና ቀና አላለችም።

«ይሁን አልኩ። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ውብ ናት፣ ታስደስተዋለች። ልብሷን ሰፋሁላት፣ ማርማላታዋን ሠራሁላት። መጽሐፍ ሲጽፍ፣ አርሚልኝ ሲለኝ፣ አሁን ያውቃል አልኩ። በግልጽ ልነግረው አልቻልኩም፤ ክሩን ጻፍኩለት። ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ይናገራል? ቅዳሜ አበባውን ልረጭ ስገባ ገጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ‹ሬይናን እጠይቃለሁ።› መርጫው እጄ ላይ ነበር።»

«አይቼሽ ነበር» አለ ቬሰሊን በድንገት። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። «ከመስኮቱ። በየወሩ። ለእሱ መንገር ነበረብኝ። ሁሉንም ነገር እሱ ነው የሚያገኘው፤ ይህችን ደግሞ ልስጠው እንዴ አልኩ። በኋላ ደግሞ ወደ አንቺ መጥቼ ለመናገር አፈርኩ።»

ማቲልዳ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቅ ሰው ይመስል።

ሬይና ተነሣች። ኔቬና ልታስቆማት እጇን አነሣች፤ መልሳ አወረደችው። ሬይና እህቷ ፊት ቆመች።

«እኔን ልትገድይ ፈልገሽ ሳህኑን ለምን ቀማሽኝ?»

«እሱ መሬት ላይ ተዘርግቶ አንቺ ማንኪያውን ስታነሺ» አለች ማቲልዳ፣ «ሕፃን ሳለሽ እኔ አበላሽ እንደነበረው ነበር አፍሽን የከፈትሽው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «አላስቻለኝም። በቃ።»

ኔቬና ብዙ ኑዛዜ ሰምታለች። ከዚህ በኋላ ብዙውን ጊዜ ወይ ጩኸት ወይ ራስ መሳት ይመጣል። ማቲልዳ ግን ኮቷን ፈልጋ ቁልፎቹን ቆለፈች፤ ሌላውን ሁሉ በጽሑፍ እንደምትሰጥ ተናገረች። በር ላይ ስትደርስ ዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ» አለች ለሬይና። «በሰው ፊት ተናገሪው።»

ሬይና ዶክተሩን አየች፣ ሊልያናን አየች፣ ቬሰሊንን አየች። እህቷ ባሏን ገድላባታለች፤ እሷንም ልትገድል ነበር። ሬይና እምቢ ብትል የሚፈርድባት ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም።

«ካልሲዎቹን የሠራችው ማቲልዳ ናት» አለች። «ስሊቨን ድረስ የሄደችው እሷ ናት። በሩን ስከፍት አውቅ ነበር። ወደድኩት፤ ዝም አልኩ። እሱ እስኪሞት ድረስ ዝም አልኩ።»

ማቲልዳ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሲያበቃ ጭንቅላቷን አንድ ጊዜ ዝቅ አደረገች፤ የተስማማ ልብስ ያየች ሰፊ ትመስላለች። ደረጃው ረጅም ነበር፤ ቬሰሊን ክንዱን ሰጣት። መጀመሪያ አልተቀበለችውም፤ ከሁለተኛው ፎቅ በታች ግን ያዘችው። ኔቬና ከኋላቸው ቀስ ብላ ወረደች፤ አላጣደፈቻቸውም።